መቀጮው ለመንግሥት፣ ቁስሉ ለተበዳይ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንድ ሁኔታ እናስብ። የሦስት ልጆች አባት የሆነ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ ሁለት ዘራፊዎች ገደሉት። አንደኛው ተያዘ፣ ሌላው የት እንደገባ ጠፋ። የተያዘው ሰው ረጅም እስራት ተፈረደበት፤ የገንዘብ መቀጮም ተጣለበት። ችሎቱ ተዘጋ፣ ፋይሉም ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ። የሟች ባለቤት ግን ከፍርድ ቤቱ በር ስትወጣ የምትይዘው ምንም ነገር የለም። የቤት ኪራዩ ወር እየቆጠረ ነው፤ ልጆቹ ደብተርና ጫማ ይፈልጋሉ፤ ለቀብሩ የተበደረችው ገንዘብም አልተመለሰም። ወንጀለኛው የከፈለው መቀጮ ወደ መንግሥት ካዝና ገባ። ታዲያ ለእነዚህ የቲሞች ማን ምን ከፈለ?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ይህንን ጥያቄ ነው። በአንዳንድ አገሮች ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ለተጎጂዎች መርጃ የሚውል ገንዘብ ያስከፍለዋል። አሠራሩ ምን እንደሚመስል፣ ከሸሪዓችን የዲያ ሥርዓት ጋር የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ፣ በአገራችን ሕግ ደግሞ ለተበዳዩ ምን በር እንደተከፈተለት በየተራ እናያለን፤ ኢንሻአላህ።

ሦስት ዓይነት ክፍያ

ብዙዎቻችን መቀጮንና ካሳን እንደ አንድ ነገር እናያቸዋለን። መቀጮ ቅጣት ነው፤ የሚከፈለውም ለመንግሥት ነው። ካሳ ደግሞ የደረሰውን ጉዳት ለመጠገን የሚከፈል ሲሆን ባለ ሐቁ የተጎዳው ሰው ወይም ወራሾቹ ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት ከሁለቱም ይለያል። ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ከመቀጮው ወይም ከእስራቱ በላይ የሚያስከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ነው፤ በቀጥታ ለእርሱ ተበዳይ አይሰጥም። በአንድ ቋት ተጠራቅሞ በወንጀል የተጎዱ ሰዎችን ሁሉ ለሚረዱ አገልግሎቶች ይውላል።

የዚህ ሐሳብ መነሻ ቀላል ነው። ካሳ የሚገኘው ወንጀለኛው ከታወቀ፣ ከተያዘና ገንዘብ ካለው ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የተበዳዩ ሐቅ ወረቀት ላይ ይቀራል። በእኛ ምሳሌ አንዱ ዘራፊ አልተያዘም፤ የተያዘውም እስር ቤት ገብቷልና ገቢ የለውም። በዚህ ምክንያት ነበር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማርጀሪ ፍራይ የተባለች እንግሊዛዊት የማኅበራዊ ለውጥ ተሟጋች፣ ወንጀለኛው መክፈል ካልቻለ ኅብረተሰቡ በጋራ ተጎጂውን ይካስ ስትል የጻፈችው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህንን በሕግ አጸደቀች፤ ብሪታንያ በ1964፣ ከአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ካሊፎርኒያ በ1965 ተከተሉ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚል ነው። ከግብር ከፋዩ ብቻ ከሚወሰድ ጥፋተኞችም ይካፈሉት የሚለው መልስ ያኔ ተወለደ።

በእንግሊዝና በዌልስ

በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ክፍያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 ነው። መጀመሪያ መቀጮ የተጣለበት ሰው ሁሉ 15 ፓውንድ ይጨምር ነበር። በ2012 ወደ ሌሎች የቅጣት ዓይነቶችም ሰፋ። ከሰኔ 2022 ጀምሮ ደግሞ አንድ አዋቂ በገንዘብ ከተቀጣ የመቀጮውን 40 በመቶ ይጨምራል፤ ጣሪያው 2,000 ፓውንድ ነው። 500 ፓውንድ የተቀጣ ሰው 200 ፓውንድ ይጨምራል ማለት ነው። እስከ 6 ወር የታሰረ 154 ፓውንድ፣ ከ6 ወር በላይ እስከ 2 ዓመት የታሰረ 187 ፓውንድ፣ ከ2 ዓመት በላይ የታሰረ 228 ፓውንድ ይከፍላል። ለአካለ መጠን ያልደረሱት የሚጠየቁት ከዚህ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ደንብ አለ። ዳኛው ካሳም ተጨማሪ ክፍያም ሊያዝ ሲያስብ ጥፋተኛው ሁለቱን የመክፈል አቅም ከሌለው የሚቀነሰው ተጨማሪው ክፍያ ነው፤ አስፈላጊ ከሆነም ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ካሳው ይቀድማል። ከፊቱ የቆመው ተበዳይ ሐቅ ከቋቱ ሐቅ በላይ ነው ማለት ነው።

በአሜሪካ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ አቋቋመች። የዚህ ፈንድ ገንዘብ ከግብር የሚመጣ አይደለም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚጣል መቀጮ፣ ግዴታው ፈርሶ ከተወረሰ የዋስትና ገንዘብ እና በእያንዳንዱ ጥፋተኛ ላይ ከሚጣል ልዩ ክፍያ የሚሰበሰብ ነው። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ግለሰብ ለእያንዳንዱ ክስ 100 ዶላር፣ ድርጅት ደግሞ 400 ዶላር ይከፍላል። ትልቁ ገቢ ግን ከእነዚህ ትናንሽ ክፍያዎች የሚገኝ አይደለም፤ ሕግ ከጣሱ ትላልቅ ኩባንያዎች መቀጮ የሚመጣ ነው።

ፈንዱ ለየግዛቶቹ ይከፋፈላል። 50ዎቹም ግዛቶች የካሳ ፕሮግራም አላቸው። ተጎጂው የሕክምና ወጪውን፣ የሥነ ልቦና ምክር ክፍያውን፣ ከሥራ በመቅረቱ ያጣውን ደመወዝ፣ ሟች ካለም የቀብር ወጪውን በየግዛቱ መስፈርት መሠረት ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ይህንን ንገሯቸው፤ በሌሊት ታክሲ የሚያሽከረክር ወይም ሱቅ የሚጠብቅ ወገናችን ጉዳት ቢደርስበት እንዲህ ያለ መብት ሊኖረው እንደሚችል ላያውቅ ይችላል።

ይህም አሠራር ድክመት አለው። ከጥፋተኛ በሚመጣ ገንዘብ ላይ የቆመ ፈንድ ገቢው ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። ኩባንያዎች ክስ ሳይመሠረትባቸው ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምተው የሚከፍሉት ገንዘብ እየበዛ ሲሄድ፣ ያ ገንዘብ ወደ ፈንዱ ስለማይገባ የፈንዱ ገቢ አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሕጉ ተሻሽሎ ያ ገንዘብም ወደ ፈንዱ እንዲገባ ተደረገ። ተጎጂዎች ግን የወንጀል መቀጮ በቀነሰ ዓመት የሚራቡት ያው ነው። በዚህ ምክንያት በጥፋተኛው ክፍያ ላይ ብቻ መተማመን አይበቃም።

ሸሪዓችን ምን ያስተምረናል?

አንድ ሙስሊም ይህንን ሁሉ ሲሰማ ቶሎ ትዝ የሚለው ዲያ ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 92 በስህተት ሰው የገደለ ከከፋራው ጋር ለሟች ቤተሰብ ዲያ እንዲያስረክብ ያዛል፤ ቤተሰቡ ሶደቃ አድርጎ ቢተውለት መብቱ ነው። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 178 ደግሞ ሆን ተብሎ በተፈጸመ ግድያ እንኳ የሟች ወገን ይቅር ካለ በመልካም አኳኋን መጠየቅና በመልካም አኳኋን መክፈል እንዳለ ተነግሮናል። በሁለቱም ቦታ መሐል ላይ ያለው ተበዳዩ ነው። የሚከፈለው ለእርሱ ነው፤ ይቅር የማለት ሥልጣኑም የእርሱ ነው።

ከፋዩ አቅም ቢያጣስ? በስህተት ግድያ ዲያውን የሚሸከመው ገዳዩ ብቻውን አይደለም፤ ዓቂላ የሚባሉት የአባቱ ወገን ዘመዶች ናቸው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ከሁዘይል ጎሣ ሁለት ሴቶች ተጣልተው አንዷ ሌላዋን በድንጋይ መትታ እርሷንም በሆዷ ያለውንም ፅንስ በገደለች ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሟቿ ዲያ በገዳይዋ ዓቂላ ላይ እንዲሆን ፈርደዋል። ፉቀሃዎች ይህ ክፍያ በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ እንደሚከፈል ጽፈዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ የወታደሮችን መዝገብ (ዲዋን) ባዘጋጁ ጊዜ በአንድ መዝገብ የተጻፉት ሰዎች እርስ በርስ ዓቂላ እንዲሆኑ አደረጉ፤ ሐነፊዎች ይህንን ይዘዋል። ትብብሩ ከደም ዝምድና አልፎ ወደ ሥራ ባልደረባነት ሰፋ ማለት ነው።

ገዳዩ ጭራሽ ባይታወቅስ? የኸይበርን ታሪክ እናስታውስ። ዐብዱላህ ኢብን ሰህል (ረ.ዐ.) ኸይበር ውስጥ ተገድለው ተገኙ። ማን እንደገደላቸው ያየ ሰው አልነበረም። ዘመዶቻቸው ያላየነውን እንዴት እንምላለን አሉ፤ የኸይበር ሰዎችን መሐላም አንቀበልም አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሟቹ ደም ከንቱ እንዲቀር አልወደዱም፤ 100 ግመል ከራሳቸው ዘንድ ከፈሉ፤ በሌላ ዘገባ ደግሞ ግመሎቹ ከሶደቃ ግመሎች የተሰጡ ናቸው። ወንጀለኛው አልተገኘም፤ የተበዳዩ ቤተሰብ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። የጥበቃ ሠራተኛውን ሚስት እናስታውስ፤ ያልተያዘውን ሁለተኛ ዘራፊም እናስታውስ። እነማርጀሪ ፍራይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ያነሱት ጥያቄ ከ1400 ዓመት በፊት በመዲና ምላሽ አግኝቷል።

ሆኖም ሁለቱን አንድ ናቸው ብለን እንዳንሳሳት። ዲያ የታወቀ ባለቤት ያለው ሐቅ ነው፤ መጠኑም በሸሪዓ የተወሰነ ነው። ተጨማሪው ክፍያ ግን መንግሥት የደነገገው፣ ወደ ጋራ ቋት የሚገባ፣ ተበዳዩ ሊያነሳው ወይም ይቅር ሊለው የማይችል ነው። በፊቅህ ቋንቋ ካየነው ከዲያ ይልቅ የሚቀርበው በገንዘብ ለሚደረግ ተዕዚር ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ኡለማዎች ተለያይተዋል። ብዙዎቹ ፉቀሃዎች ባለሥልጣናት የሰዎችን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላት እንዳይለምዱ በመፍራት ከልክለዋል። ከሐነፊዎች ኢማም አቡ ዩሱፍ ፈቅደዋል፤ ኢብኑ ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይም የመፍቀዱን አቋም በማስረጃ ደግፈዋል። የከልካዮቹ ስጋት ዛሬም ቦታ አለው። ገንዘቡ በእርግጥ ለተጎጂ ደረሰ ወይስ በመንገድ ቀረ ብሎ መጠየቅ የዲን ጥያቄ ነው።

ድሃው ጥፋተኛስ?

በሌላ በኩል የሚታይ ሐቅም አለ። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመሳሳይ ክፍያ ነበራት። ዳኞች የድሃውን አቅም አይተው ይተዉለት ነበር። በ2013 ግን ሕጉ ተለወጠና ዳኛው መተው እንዳይችል ተደረገ። መጠኑ የመቀጮው 30 በመቶ ሆነ፤ መቀጮ ከሌለ ለቀላሉ ወንጀል 100፣ ለከባዱ 200 የካናዳ ዶላር። ጎዳና ላይ የሚያድር፣ በበሽታና በሱስ የተጎዳ ሰው ዕዳው በየክሱ እየተደራረበ መጣ፤ መክፈል ስለማይችልም ከፍርድ ቤት ጋር ያለው ጉዳይ መቼም አያልቅም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንን አስገዳጅ ክፍያ ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣት ነው ብሎ ሻረው። በ2019 ክፍያው ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ዳኛው የማይችለውን ሰው ነፃ ማድረግ እንዲችል ሆኖ ነው።

ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 280 ችግረኛ ባለዕዳ እስኪመቸው እንዲታገሡት፣ ሶደቃ ማድረጉ ደግሞ የበለጠ መልካም እንደሆነ ያስተምረናል። ተበዳዩን ለመርዳት ብለን ሌላ የተበደለ ሰው መፍጠር የለብንም። የመዲናው መልስ ሁለቱን ያስታርቃል። ጥፋተኛው የሚችለውን ይከፍላል፤ የጎደለውን ዘመድና በይቱል ማል ይሞላሉ።

በአገራችንስ?

በኢትዮጵያ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እንደ ጋብቻ፣ ፍቺና ውርስ ባሉ የቤተሰብ ጉዳዮች የተወሰነ ስለሆነ የወንጀል ጉዳይ የሚታየው በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው። የተበዳይ ካሳ ግን በሕጋችን የለም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሦስት ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101 በወንጀል የተጎዳ ሰው ወይም መብቱ የሚተላለፍላቸው ሰዎች የካሳ ጥያቄያቸውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምረው ማቅረብ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። የአቀራረቡ ሥርዓት በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ተቀምጧል። ጥያቄው የሚቀርበው ችሎቱ ሲከፈት ነው። ስለዚህ ፍርድ እስኪሰጥ ዝም ብሎ የጠበቀ ሰው ይህ ዕድል ያልፈዋል። ፍርድ ቤቱ ነገሩ የክሱን ሂደት ያጓትታል ብሎ ባይቀበለው ደግሞ ለብቻው የፍትሐ ብሔር ክስ መመሥረት ይቻላል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት በመሠረቱ የክስ ማቅረቢያው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ወንጀሉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ካለው ግን ረጅሙ ይወሰዳል።

ሁለተኛ፣ የዚሁ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 102 ለርዕሳችን ቅርብ ነው። ካሳው ከጥፋተኛው እንደማይገኝ ከታየ፣ ፍርድ ቤቱ ከተወረሰ ዕቃ ሽያጭ፣ ከዋስትና ገንዘብ ወይም ከመቀጮው ከፊሉ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። የጥበቃ ሠራተኛው ሚስት ጥያቄ እዚህ ላይ በር አለው፤ ነገር ግን ሕጉ "ይችላል" እንጂ "አለበት" አይልም። የማይጠየቅ በር ደግሞ አይከፈትም።

ሦስተኛ፣ የጋራ ቋት ሐሳብ በአገራችን እንግዳ አይደለም። በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ሕጋችን፣ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ከፈንድ የሚካስበት ሥርዓት አለ። በሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር ላይ በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 909ም ለተጎጂዎች መቋቋሚያ የሚውል ፈንድ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። በዘረፋ፣ በድብደባ ወይም በአስገድዶ መድፈር ለተጎዳ ሰው ተመሳሳይ ቋት ለምን አይኖርም ብለን ብንጠይቅ አዲስ ነገር አመጣን አያሰኝም።

ከሕጉ ጎን ደግሞ ሽማግሌዎቻችን አሉ። የወሎ አበጋሮች ደም ያደርቃሉ፤ በኦሮሞ ጉማ፣ በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድ መግ አለ። እነዚህ ሥርዓቶች በቀልን አስቀርተው ስንት ቤት አድነዋል! ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንጠብቅ። የደም ካሳው ለወንዶቹ ዘመዶች ተከፋፍሎ ለየቲሞቹና ለእናታቸው ሳይደርስ እንዳይቀር። ዲያ እንደ ውርስ ለወራሾች ሁሉ፣ ለሚስትም ጭምር የሚከፋፈል ሐቅ ነው። የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላት ደግሞ ቁርኣን ብርቱ ማስጠንቀቂያ የሰጠበት ጉዳይ ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

የሕግ ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አንቀጽ 101፣ 102 እና 154 ለፈተና ብቻ አይጠኑ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ አንድ የካሳ ማመልከቻ በጊዜው መጻፍ ለአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ሊሆን ይችላል። የጤናና የሥነ ልቦና ተማሪዎች ተጎጂው ሕክምና ላይ ሳለ የምርመራ ውጤቱንና የወጪ ደረሰኙን እንዲያስቀምጥ ምከሩት፤ ካሳ የሚቆመው በማስረጃ ላይ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ የተጎዳ ጎረቤት ወይም የክፍል ጓደኛ ሲኖረን "አላህ ያጽናህ" ብለን ከመሄዳችን በፊት ክሱ የት ደረሰ፣ ካሳ ጠየቅህ ወይ ብለን እንጠይቅ።

ዘካ የሚሰጡትንም እናስታውሳቸው። ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች መካከል አል ጋሪሚን፣ ማለትም ባለዕዳዎች ይገኛሉ። ኡለማዎች ሰዎችን ለማስታረቅ ሲል ካሳ በራሱ ላይ የተሸከመን ሰው ከእነርሱ ቆጥረውታል። ለዚህም ዕርቅ ለማውረድ ዕዳ ተሸክመው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመጡት የቀቢሷ (ረ.ዐ.) ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። አንድ ድሃ ጥፋተኛ ካሳውን መክፈል አቅቶት ዕርቁ ሊፈርስ ሲል፣ ዘካ ተበዳዩንም ጥፋተኛውንም ሊያድን እንደሚችል ከኡለማዎቻችን ጋር ተመካክረን ማየት እንችላለን።

ወንጀለኛ ሲቀጣ ማየት የተበዳይን ልብ ያሳርፋል፤ የልጆቹን ሆድ ግን አይሞላም። አላህ (ሱ.ወ.) የተበዳይን ሐቅ ከሚያስመልሱት፣ የቲምን ከሚያስታውሱት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።